የግራ መርገጫ

የሸማኔ ቤት ዝም ሲል ከለቅሶ ቤት ይከብዳል። በለቅሶ ቤት ቢያንስ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

ዕድላዊት ይህን ያወቀችው በዚህ ክረምት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ ወደ ዶርዜ በሚወጣው ሚኒባስ መስኮት ሥር ተጣብቃ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት በጉሙ ውስጥ ወጥታ የአባቷን አጥር ስትገፋ፣ ከእግሯ በፊት የሚደርሰው ጆሮዋ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚቀበላት ድምፅ አለ፤ ጧ፣ ሽው፣ ጧ። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ መምቻው ማጉን ሲያጠብቅ። አባቷ ጋሽ ደበሌ እንኳን ደህና መጣሽ የሚሉት በአፋቸው አልነበረም፤ ስትገባ አንድ ምት ያፈጥኑላታል፣ እሷም ሰላምታው ይገባታል።

አሁን አባቷ እግራቸውን ሰድደው መርገጫዎቹን የሚረግጡበት የሽመናው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ከላዩ የተወጠረው ድር አቧራ እየጠጣ ነው። ክንድ ያህል የተሠራ ቡልኮ ብቻ ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ይታያል። ያ ቡልኮ የእሷ ነው። መከራዋም እሱው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዕድላዊት ጋር ቃል የተጋባው ላቀው የከተማ ቀያሽ ነው። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ከሰሜን በሹመት መጥተው አርባ ምንጭ ላይ የቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ላቀው ሽማግሌ እንዲላክለት እናቱን እትዬ አበራሽን ሲጠይቅ፣ «እኔ ልጄን ያሳደግሁት ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ከሚውል ሰው ጋር ላዛምደው ነው?» አሉ። ይህች ቃል ሳታድር ዶርዜ ደረሰች። ጋሽ ደበሌ ሰሙ፤ አልጮሁም። ተነሥተው ወደ ደብሩ ዞሩና፣ «ገብርኤል ይስማኝ፤ ልጄ ከዚህ አጥር የምትወጣው እኔ በእጄ በሠራሁት ቡልኮ ተጠቅልላ ነው። እሱ ሳያልቅ ሽማግሌ አልቀበልም። እሱን ደግሞ ደስ ሲለኝ እሠራዋለሁ!» ብለው ማሉ።

ደስ ያላቸው ግን በማግስቱ ነው። ዕድላዊት በዓይኗ አይታለች፤ ጎሕ ሲቀድ ድሩን ሲወጥሩ ነበር። ሰውዬው ቁጣቸው ለጎረቤት ነበር፣ ልባቸው ግን ለልጃቸው። ክንድ ያህል እንደሠሩ ደም ግፊቱ ጣላቸው፤ ሲነሡ ግራ እግራቸው አብሯቸው አልተነሣም። መድኃኒቱን እያመላለሰች የምትሰጣቸው እሷ ናትና፣ ያ እግር ወደ መርገጫው እንደማይመለስ ከማንም በላይ ታውቃለች። በገብርኤል የማሉ ሰው ደግሞ መሐላቸውን አያፈርሱም። ቡልኮው ካላለቀ መውጫ የለም፤ ቡልኮውም አያልቅም።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ላቀው ጠፋ። በየማታው የሚደውል ሰው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የምትል አጭር መልእክት ብቻ መላክ ጀመረ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ዕድላዊት እትዬ አበራሽን አግኝታ ሳመቻቸው። ሳትጠይቃቸውም መለሱላት።

«ላቀው? ደህና ነው። ወደ መጫወቻው ተመልሷል። መጋዘን ውስጥ ነው የሚውለው። ይሻለዋል።»

መጫወቻ የሚሉት የሪሞት ጀልባዎቹን ነው። ላቀው እነዚያን ትንንሽ ጀልባዎች በገዛ እጁ እየገጣጠመ ጫሞ ሐይቅ ዳር የሚነዳ፣ አንዱንም አዞ የነከሰበት ሰው ነው። የተዋወቁትም በዚያው ቀን ነበር። ዳር ላይ ቆማ ስትስቅበት፣ «ለጥርሱ እንጂ ለጀልባዬ አላዝንም፣ ባትሪው መራራ ነው» ያላት ጊዜ። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ስልኳን አውጥታ ታያለች፤ የደወለ የለም።

ነሐሴ እየተገባደደ ባለበት ቅዳሜ፣ እንሰቱ ሥር ቆማ የአባቷን ነጠላ ስታሰጣ፣ አጥሩ ተገፋ። ላቀው ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በአንድ ትከሻው የመኪና ባትሪ፣ በሌላው እጁ ካርቶን ይዟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት፤ ልቧ ወደ እሱ ሊሮጥ ሲል ስለያዘችው።

«ጠፋህ።»

«ጠፋሁ» አለ።

«መጫወቻህ እንዴት ነው?»

«አብሮኝ መጥቷል።»

ካርቶኑን ከፈተው። የጀልባውን ሪሞት ከላይ ተቀምጦ ስታይ ፊቷ ጋመ።

«እግዜር ያሳይህ ላቀው! አባቴ እግሩን እንጂ አእምሮውን ያጣ መሰለህ? እንደ ሕፃን ጀልባ ልታጫውተው ነው የመጣኸው?»

«ዕድሌ...»

«አትጥራኝ! ስንት ሌሊት ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደተኛሁ...» ድምጿ ተሰበረ። «ቆርጠህ ከሆነ ቆረጥኩ ማለት ምን ያቅታል?»

ላቀው ባትሪውን መሬት አስቀመጠ። ጣቶቹን አሳያት። በብየዳ ጠብታ ተቃጥለው፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠምጥሟል።

«ተስፋ ሰጥቼሽ ባይሳካ መልሼ እንዳልነሣሽ ፈራሁ» አላት ዝግ ብሎ። «ለዚህ ነው የጠፋሁት። ብዙ ጊዜም አልተሳካም።»

ዕድላዊት እነዚያን ጣቶች አየቻቸው። ያዘለችው የክረምት ቂም ሁሉ ከየት እንደተፈታ ሳታውቀው ተፈታ፤ የቀራት ነገር ቢኖር እፍረት ብቻ ነበር። እሱም ከፍቅር ጋር ሲመጣ ይጣፍጣል።

መሬት ላይ ተንበርክኮ አሳያት። «ይህቺ ሪሲቨር ናት። እኔ ሪሞቱን እዚህ ስነካ እሷ እዚያ ትሰማለች። ጉልበት የላትም፣ ሥራዋ መስማት ነው። የሰማችውን ለዚህ ሰሌዳ ትነግረዋለች፤ ሰሌዳው የባትሪውን ጉልበት ለሞተሩ ያቀብላል። ሪሲቨሯ የምትልከው ምት ረዘም ካለ ሞተሩ መርገጫውን ወደ ታች ይስባል፣ አጠር ካለ ወደ ላይ ይለቃል። መሀል ላይ ከሆነ፣ ጸጥ።»

«ሞተሩስ? የጀልባ ሞተር አይመስልም።»

ሞተሩ አሮጌና ከባድ ነው፤ የድሮ ዘይት ይሸታል። ላቀው ዓይኑን ወደ እንሰቱ አዞረ። «የጀልባው መርገጫ አያነሣም። ይህንን... ከቤት ነው ያመጣሁት።»

ጋሽ ደበሌ ከቀርከሃው ቤት ግድግዳ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በጋሞኛ ነው፤ ላቀው ካለ ግን ወደ አማርኛ ይዞራሉ። የእንግዳ ክብር ነው፣ አጥርም ነው።

«ምንድን ነው የተሸከመው?»

«እግር ነው ጋሼ» አለ ላቀው።

«እግር አለኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሁለት።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሦስተኛውን ለቀጣፊ ስጠው፤ ሲሮጥ ይረዳዋል።»

ዕድላዊት ሳቋን ዋጠች። ከዚያ አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከችና በጋሞኛ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው። «አባዬ፣ መሐላህን ማን ይፈታዋል?»

ሽማግሌው ድሩን አዩት። ከዚያ እንዲያነሣቸው ክንዳቸውን ወደ ላቀው ዘረጉ፤ ያ ክንድ ሲዘረጋ የልጅቱ ልብ አብሮ ተዘረጋ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጧቸው። ቀኝ እግራቸው በራሱ ጊዜ ቦታውን አገኘ፣ እንደ በሬ በረቱን። የግራው መርገጫ በገመድ ከሞተሩ ክንድ ጋር ተያያዘ።

«እግሬንም እሰሩልኝ» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«መርገጫው በሞተሩ ነው የሚሄደው እኮ ጋሼ፣ ግድ የለም...»

«እሰሩልኝ ብያለሁ! ሥራውን ባይሠራ እንኳ አብሮ ይሂድ።»

ላቀው ሪሞቱን ያዘ። ግር አለ ሞተሩ። ግራው መርገጫ ወረደ፣ ድሩ አፉን ከፈተ፣ መወርወሪያው ሽው ብሎ አለፈ። ዕድላዊት ትንፋሿን ያዘች። ቀኝ፤ ሽው። ግራ፤ ሽው። ቀኝ፤ ሽው። ግራ...

ጣጥ!

ድሩ ሳይከፈት መወርወሪያው ደርሶ ነበር። ክሮች ተበጠሱ። ላቀው ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተበጠሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ጋሽ ደበሌ የተበጠሰውን በጣታቸው ቋጥረው፣ መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

«ዕቃህ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም» አሉት። «አንተ ግን በዓይንህ ነው የምትጠብቀኝ። እጄን ስታየው እኮ እጄ ሄዷል። እኔ እግሬን የማዘው እጄ ሳይነሣ ነው።»

«እለማመዳለሁ ጋሼ።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ፣ ሸማኔ ያልሆኑ ሰዎች። ድር በሰዓቱ ካልተከፈተ ክር ነው፣ ይበጠሳል። አውጡኝ።»

ላቀው ሪሞቱን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ሲታይ የገዛ አባቱን ዳግመኛ የቀበረ ይመስል ነበር። ዕድላዊት ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን ነገር አላሰበችበትም። ሄዳ ሪሞቱን ከእጁ ወሰደች።

«አታውጣው» አለችው።

በዶርዜ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ሕፃን ሆና ወደ ጉድጓዱ እግሯን ስትሰድ አባቷ በቀስታ እያነሡ ወደ እንዝርቷ ይመልሷት ነበር። በግድግዳው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ስትፈትል ነው ያደገችው፤ በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ የአባቷን ሥራ ተራ በተራ እየቆጠረች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ጋሽ ደበሌ። «ሴት ልጅ ሽመና ላይ?»

«ጉድጓዱ ውስጥ አልገባሁም አባዬ። ይኸው እዚህ ነኝ፣ በድሮ ቦታዬ።» ግድግዳው ሥር ሄዳ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ቀርከሃው አዞረች።

«ጀርባሽን ለምን ሰጠሽኝ?»

«እንዳላይህ ነው። ልሰማህ ነው።»

መወርወሪያውን አነሡ። ከዚያ ዕድላዊት የምትጠብቀው መጣ። አባቷ ከመወርወራቸው በፊት በአፍንጫቸው ትንሽ አየር ይስባሉ፤ እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም። ማንም አያውቀውም፣ ከእሷ በቀር። ያቺን ትንፋሽ ስትሰማ አውራ ጣቷን ገፋች። ግር። ሽው። ጧ። ቀኙ የእሳቸው ነው። ትንፋሽ። ግር። ሽው። ጧ።

ክር አልተበጠሰም።

ትንፋሽ፣ ግር፣ ሽው፣ ጧ። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ እንደ ጎልማሳ ሆነ። ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደረደሩ። አንዲት ሴት፣ «ደበሌ ተነሣ እንዴ?» ስትል ሌላዋ «ኧረ ተመስገን በይ!» ብላ እልል አለች። ላቀው የተቃጠሉትን ጣቶቹን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ዕድላዊት ባታየውም እንደሚያያት አወቀች፣ ጀርባዋ ሞቀ። በዚያ ሁሉ መሀል አባቷ አንድ ምት አፈጠኑ። አንዷን ብቻ።

እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነበር። ዕድላዊት ግድግዳውን እያየች አለቀሰች፤ ጣቷ ግን አልሳተም።

ያን ጊዜ ነው አጥሩ ዳግመኛ በኃይል የተገፋው።

«ላቀው! አንተ ሌባ!»

እትዬ አበራሽ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ዶርዜ እንደወጣ ሰምተው፣ አርባ ምንጭ ካለው ሸቻ ሰፈር ድረስ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው፣ ጫማቸው ጭቃ ጎርሶ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ።

«የአባትህን መኪና! በየቅዳሜው በእጄ የምወለውላትን ቮልስ! ዛሬ ሸራዋን ብገልጥ ሆዷን ተቀድዳ አገኘኋት። የዝናብ መጥረጊያዋን ሞተር ነቅለህ ለመጫወቻህ!»

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«አልሰማህም! ሀብተጊዮርጊስ በመቃብሩ ይስማህ!»

ዕድላዊት አሁን ገባት። «ከቤት ነው» ያላት ይህ ነበር። ጣቷ ሊቆም ሲል ግን የአባቷን ትንፋሽ ሰማች፣ ገፋችው። መወርወሪያው አለፈ። ሽመናው አልቆመም።

«ይግቡ እትዬ አበራሽ» አሉ ጋሽ ደበሌ፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ። «ከጉድጓድ ሆኜ ስለምቀበልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልነሣ ብል እግሬ ልጄ እጅ ላይ ነው።»

አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ አበራሽ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ሞተሩ ግር አለ።

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ግር... ጧ። ግር... ጧ። ወደ ሞተሩ አንድ እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ሌላ። ነጠላቸው መሬት ወድቆ አላነሡትም።

«እሷ ናት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ከቆላ ስንመለስ ዝናብ ይይዘናል። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። በዚህች ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። 'ተኚ አንቺ፣ ዝናቡን እኔ እጠርገዋለሁ' ይለኛል...» እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «እሱ ከሄደ ጀምሮ አንድ ቀን አስነሥቻት አላውቅም። ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኳት። ድምፁን የቀበርኩት ለካ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደበሌ ይህን ጊዜ ሥራውን አቆሙ። ዕድላዊት አውራ ጣቷን መሀል ላይ አሳረፈች። ግቢው ጸጥ አለ።

«ሞተሩን መልሰው ይውሰዱ እትዬ» አሉ ሽማግሌው። «የሰው መታሰቢያ ላይ ቆሜ ልጄን አልድርም።»

«እማዬ...» አለ ላቀው።

እትዬ አበራሽ ጉድጓዱ ድረስ ሄዱ። ጉልበታቸውን እያሻሹ ጎንበስ አሉና በመርገጫው ላይ የታሰረውን የደበሌን እግር አዩ። ዘለግ አድርገው አዩት።

«ጉድጓድ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንዲህ ፈጥኖ እዚህ ይደርሳል አላልኩም።»

«ወሬ ነው እትዬ፤ ዳገት አይደክመውም።»

እትዬ አበራሽ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ዕንባቸውን ገፍቶ አወጣው። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ደበሌ። ለእግዜር ብለው። ሞተሩም ይሥራ፤ ሀብተጊዮርጊስ ቢኖር ራሱ ነቅሎ ያመጣልዎ ነበር፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነበር።» ዓይናቸውን ጠርገው ዙሪያውን ቃኙ። «እኔስ ቆሜ ልይ? ምን ላግዝ?»

«እንዝርት ይችላሉ?»

«ይችላሉ ይሉኛል እንዴ! በእኛ ጊዜ እንዝርት የማትችል ሴት ማን ያገባታል?»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅዳሜዎች ሌላ ናቸው። ጋሽ ደበሌ ጉድጓዳቸው ላይ፣ ዕድላዊት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እትዬ አበራሽ በርጩማ ላይ ሆነው ማጉን እየፈተሉ፣ ላቀው ባትሪውን ሲቀላ እያስሞላ ዳገቱን እየወጣ።

«ይወፍራል ክርዎ» ይላሉ ሸማኔው።

«ለቡልኮ አይደለም እንዴ? ወይስ ለአዲስ አበባ ወይዛዝርት ነው የሚሠሩት?»

«ኧረ ይወፍራል!»

«ይሙቃት ብዬ ነው!» እያሉ ይከራከራሉ፤ ከዚያም አንድ ሳህን ላይ ቆጮውን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሱ ይበላሉ።

ቡልኮው ያለቀው መስቀል ደጅ ላይ ሲደርስ ነው፤ በየአገሩ የተበተነው የዶርዜ ሸማኔ ሁሉ ለበዓሉ ወደ ቤቱ በሚጎርፍበት ሰሞን። የዚያን ዓመት ሙሽሮች ተውበው ገበያ መሀል የሚዞሩበት ቀንም ቀርቧል። ጋሽ ደበሌ የመጨረሻውን ማግ ጣሉ። መምቻውን ሳቡ። ጧ። ድሩን ቆረጡ፣ ቡልኮውን ከእንጨቱ ፈቱና በክንዳቸው ሙሉ አቅፈው ሽታውን ሳቡት።

«ነይ» አሏት።

ዕድላዊት ከግድግዳው ሥር ተነሣች። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ የአባቷን ሥራ አየች። ነጭ ነው፤ ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ክንድ ቀጥሎ ክሮች የተቋጠሩበት ቦታ ይታያል፣ የላቀው ጣቶች የሳቱበት። አባቷ ያንን ጉድለት ሊሸፍኑት አልሞከሩም። ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ነው፣ የሁለት ሰው አይመስልም።

ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፣ አንገቷ ሥር ሰበሰቡት። እትዬ አበራሽ እልል አሉ፤ ድምፃቸው ተሰንጥቆ መሀል ላይ ቀረ፣ ጎረቤቶች ተቀብለው ጨረሱት።

ጋሽ ደበሌ ወደ ላቀው ዞሩ። የተናገሩት በጋሞኛ ነው። ከተዋወቁ ጀምሮ በዚያ ቋንቋ አናግረውት አያውቁም። ዕድላዊት ልትተረጉምለት ዞር ስትል ዓይኑ ሞልቶ አገኘችው። መጋዘን ውስጥ የተማረው ብየዳ ብቻ አልነበረም ለካ።

«ለእኔ ሌላ እግር ፈልግልኝ» ነበር ያሉት። «ይቺኛዋን አንተ ወስደሃታል።»

ላቀው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ሊመልስ ሞክሮ አንዲት የተሰባበረች የጋሞኛ ቃል ብቻ ወጣችው፤ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከሁሉ አስበልጠው የሳቁት ጋሽ ደበሌ ናቸው።

ከቡልኮው ሥር የዕድላዊት እጅ ሪሞቱን እንደያዘ ነበር። አውራ ጣቷ መሀል ላይ አርፏል። በዚያች ቦታ ላይ ልቧም ዓለሙም ጸጥ ብለው፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን የአባቷን ክብደት፣ አጠገቧ የቆመውን ሰው ትንፋሽ ትሰማ ነበር።